ሃይድሮሊክ እንዴት ይሠራል? በሲሪንጅና በጣውላ የሚገጠም መማሪያ ሰሌዳ

ገልባጭ መኪና አሸዋውን እንደጫነ አልገለብጥም ሲል ጋራዥ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ፓምፑ ደክሟል» የሚል ነው። ፓምፑ ይፈታል፣ ሌላ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ የጭነት ሣጥኑ ግን አሁንም ንቅንቅ አይልም። ከዚህ ሁሉ ወጪ ጀርባ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ፓምፕ ግፊት ያመርታል የሚል። ፓምፕ የሚያመርተው ፍሰት ብቻ ነው። ግፊቱን የሚፈጥረው ፍሰቱን «አላሳልፍም» የሚለው ነገር፣ ማለትም ጭነቱ ነው።

ይህን በቃል መስማትና በዓይን አይቶ ማመን ይለያያሉ። የእውነተኛ ማሽን ቱቦ ጥቁር ነው፤ ሲሊንደሩም ብረት ነው፤ ውስጥ የሚሆነው አይታይም። በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚገጠም አንድ ሰሌዳ ግን ሁሉንም ገሃድ ያወጣዋል። ዘይት አይፈልግም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የሚሠራው በውኃ ነው። ውኃ መሆኑ ደግሞ የመጫወቻ ዕቃ አያደርገውም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የሃይድሮሊክ መጭመቂያ የሚሠራው በውኃ ነበር። በ1894 የተከፈተው የለንደኑ ታወር ብሪጅም ተከፋች መንገዱን ለአሥርት ዓመታት ያነሣው በግፊት ውኃ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

60 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይቁረጡና ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሁለት እግር ያብጁለት። ከመድኃኒት ቤት ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 20 እና ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይግዙ፤ መርፌው አያስፈልግም። ባለ 60ውን ሁለት ያድርጉት፤ አንዱ በኋላ ሆን ተብሎ ይበላሻል። ሁሉም አዲስ ይሁኑ፤ ክሊኒክ ውስጥ ያገለገለ ሲሪንጅ እቤት አይገባም። ሁለት የግሉኮስ ቱቦ፣ ሐኪም ቤት ግሉኮስ ሲሰጥ ቱቦ ለማገናኘት የሚያገለግሉ አራት ባለ ሦስት በር የፕላስቲክ መዝጊያዎች፣ ቀጭን ሽቦ፣ ሲባጎና ጥቂት ቁራጭ ጣውላ ይጨምሩ። አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ውኃ የተሞሉ ሃይላንዶች ደግሞ ጭነት ናቸው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሚዛን አያስፈልግዎትም።

ውኃውን በከርከዴ ቢያቀሉት ፍሰቱ ጥርት ብሎ ይታያል። የሞተር ዘይት ግን አይሞክሩ። የሲሪንጁን ጎማ ያሳብጠዋል፤ ገፊው በቀፎው ውስጥ ይጣበቃል። ይህ ራሱ የጋራዥ ትምህርት ነው። የፍሬን ጎሚኒዎች፣ ማለትም ፈሳሽ የማያሳልፉት የጎማ መዝጊያዎች፣ የሚሠሩት ለፍሬን ዘይት በሚስማማ ጎማ ነው፤ በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው ጎሚኒዎቹን በሙሉ አሳብጦ ያበላሻል። የክሪክ ጎሚኒ ደግሞ በተቃራኒው ለማዕድን ዘይት የተሠራ ነው።

መግጠም

ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ ፓምፕ ነው። ባለ 60ውና ባለ 20ው ሁለት ሲሊንደሮች ናቸው፤ አፋቸው ወደ ታች፣ ገፊያቸው ወደ ላይ ሆነው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በሰሌዳው ላይ በየሲሪንጁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ በስተው በሽቦ ያስሯቸው፤ ነገር ግን አያጥብቁ። ቀፎው ትንሽ ከተጨፈለቀ ክብነቱን ያጣና በጎማው ጎን ውኃ ያሳልፋል። የሲሪንጁ ክንፍ ከላይም ከታችም በቁራጭ ጣውላ ይደገፍ፤ ግፊቱን የሚቋቋመው ጣውላው እንጂ ሽቦው መሆን የለበትም።

ጭነቱን በገፊው አናት ላይ ካስቀመጡት ይወድቃል። በአናቱ ላይ አንድ አጭር ዘንግ አግድመው ያሥሩ፤ ከዘንጉ ሁለት ጫፎች ሲባጎ በሲሪንጁ ግራና ቀኝ ቁልቁል ያውርዱና ሃይላንዶቹን ከታች ያንጠልጥሉ። ክብደቱ ከታች ስለሆነ ገፊው ሲነሣ አይንጋደድም። ገፊዎቹ ከቀፎው እንዳይወጡ ከሁለቱም በላይ ማቆሚያ ጣውላ ያድርጉ።

አሁን መስመሩ። የመጀመሪያው መዝጊያ አንዱ በር ወደ ማጠራቀሚያው፣ አንዱ ወደ ፓምፑ፣ አንዱ ወደ ሰሌዳው ዋና ቱቦ ይሂድ። ሁለተኛው መዝጊያ ከዋናው ቱቦ ወደ ግፊት መለኪያው፣ ሦስተኛው ወደ ባለ 60ው፣ አራተኛው ወደ ባለ 20ው ይውሰዱ። የዋናው ቱቦ መጨረሻ ለባለ 5 ሚሊ ሊትሩ ይቀመጥ፤ ሥራው በኋላ ይመጣል፤ እስከዚያው ቱቦውን አጥፈው ያሥሩት። የመዝጊያው እጀታ በአብዛኛው የሚጠቁመው የተዘጋውን በር ነው፤ ከመግጠምዎ በፊት በአፍዎ እየነፉ ያረጋግጡ።

መለኪያውን መግዛት አያስፈልግም። የግሉኮስ ቱቦ ቁራጭ ወስደው አንዱን ጫፍ አጥፈው በሽቦ ያሥሩት፤ ይህን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው በሰሌዳው ላይ ቀጥ ያድርጉት። ከቀይ ውኃው በላይ 20 ሴንቲ ሜትር አየር ታፍኖ ይቅር፤ ከጎኑ ማስመሪያ ይለጥፉ። ውኃው አየሩን ሲገፋው የአየሩ ቁመት ያጥራል፤ ቁመቱ በግማሽ ሲያጥር የአየሩ ግፊት እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ሮበርት ቦይል በ1662 ያሳተመው ሕግ ይህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በመስመሩ ውስጥ የተጨመረው ግፊት 0.77 ባር ያህል ነው። በባሕር ጠረፍ ላሉ አንባቢዎች ይኸው ምልክት 1 ባር ይሆናል።

አየሩን ማስወጣት

የጀማሪዎች ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። ሲሊንደሮቹ አፋቸው ወደ ታች ስለሆነ በውስጣቸው የቀረ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ከጎማው ሥር ይታፈናል፤ የቱንም ያህል ቢያንቀሳቅሱት አይወጣም። ስለዚህ ከማሰርዎ በፊት ውኃ ይሙሏቸው፣ አፋቸውን ወደ ላይ ያዙሩ፣ በጣት ነካ ነካ እያደረጉ አረፋውን ያስወጡ፤ ከዚያ ይግጠሟቸው። የመኪና ፍሬን ላይ አየር ማስወጫዋ ቡሎን ሁልጊዜ ከላይ የምትገኘው ለዚህ ነው። የግራና የቀኝ ጎማ ፍሬን ተቀያይሮ ከተገጠመ ቡሎኗ ወደ ታች ትዞራለች፤ መካኒኩ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ቢያስረግጥ አየሩ አይወጣለትም።

ክሪኩ ሲነሣ

ባለ 60ው ላይ 4 ኪሎ ያንጠልጥሉ፤ ወደ ባለ 20ው የሚወስደውን በር ይዝጉ። የመጀመሪያውን መዝጊያ ወደ ማጠራቀሚያው አዙረው የፓምፑን ገፊ ይሳቡ፤ ወደ ሰሌዳው አዙረው ይግፉት። ጭነቱ ትንሽ ይነሣል። መልሰው ያዙሩ፣ ይሳቡ፣ ያዙሩ፣ ይግፉ። በመኪና ክሪክ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ልዩነቱ እጅዎ የሚያዞረውን በክሪኩ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ኳሶች በራሳቸው መሥራታቸው ነው፤ አንዷ ዘይት ስታስገባ ሌላዋ ትዘጋለች። መኪናውን ለማውረድ የሚላላው ቡሎን ደግሞ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልስ በር ነው።

ሲስቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ገፊውን በፍጥነት ከሳቡት ውኃው አይከተልዎትም፤ ባዶ ቦታና አረፋ ይታያል። ፓምፕ ውኃን ጎትቶ አያመጣም፤ ቦታ ብቻ ይለቃል። ውኃውን ወደዚያ የሚገፋው ማጠራቀሚያው ላይ የተጫነው የአካባቢው አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ገፊ ጉልበት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል። በደጋ አገር የሚሠራ ማሽን የመሳቢያ ቱቦው ከጠበበ ወይም ማጣሪያው ከቆሸሸ ፓምፑ ቶሎ የሚጮኸውና የሚበላው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ስሌቱን ከሲሪንጁ ላይ ማንበብ ይቻላል። በሲሪንጁ ላይ የተጻፈውን መጠን በምልክቶቹ ርዝመት ያካፍሉ፤ የገፊው ስፋት ይወጣል። በተለመደ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ ከዜሮ እስከ 10 ያለው ርቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ስፋቱ 1.67 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባለ 60ው 10.7 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም ስፋቱ 5.6 ነው። 4 ኪሎው በ5.6 ላይ ሲያርፍ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.71 ኪሎ፣ ማለትም 0.7 ባር ይጫናል፤ መለኪያዎ ወደ 10.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ይኸው ግፊት በፓምፑ ላይ 1.2 ኪሎ ብቻ ይጠይቃል። በ1.2 ኪሎ ጉልበት 4 ኪሎ አነሡ።

ነገር ግን በነፃ አይደለም። ፓምፑን 6 ሴንቲ ሜትር ገፍተው ጭነቱ የተነሣው 1.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በጉልበት ያተረፉትን በመንገድ ከፍለዋል። ብሌዝ ፓስካል ይህን ሐሳብ የጻፈበት ሥራ ከሞተ በኋላ በ1663 ታትሟል፤ ከፓስካል እስከ ብራማ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ሕጉ ስላልታወቀ አልነበረም። አንዱ ትልቅ ራስ ምታት ውኃ የማያሳልፍ መዝጊያ፣ ማለትም ጎሚኒ መሥራት ነበር። በእጅዎ ያለው የሲሪንጅ ጎማ ያንን ጥያቄ በጥቂት ብር የመለሰ ነው።

የተሰላውና የሚገፉት ጉልበት እንደማይገጣጠም ያስተውላሉ፤ የሚገፉት ሁልጊዜ ከተሰላው ትንሽ ይበልጣል። ትርፉ በጎማና በቀፎ መካከል ያለው ፍትጊያ ነው።

ከባዱ ቀድሞ ሲነሣ

ሰሌዳው ዋጋውን የሚያሳየው አሁን ነው። ሁለቱንም ሲሊንደሮች ይክፈቱ። ባለ 60ው ላይ 4 ኪሎው ይቆይ፤ ባለ 20ው ላይ 1 ኪሎ ያንጠልጥሉ። ከመግፋትዎ በፊት በአጠገብዎ ያለውን ሰው «ማን ቀድሞ ይነሣል?» ብለው ይጠይቁት። «ቀላሉ» ይላል፤ ልክ ነው። የባለ 20ው ስፋት 2.86 ስለሆነ 1 ኪሎው የሚፈልገው በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.35 ኪሎ ብቻ ነው።

አሁን ባለ 20ው ላይ 3 ኪሎ አድርገው ይድገሙት፤ ያው ሰው «3 ኪሎው» ማለቱ አይቀርም። ሲገፉ ግን 4 ኪሎው ይነሣል፤ 3 ኪሎው ከቦታው አይነቃነቅም። 3 ኪሎ በ2.86 ሲካፈል 1.05 ነው፤ 4 ኪሎው ግን 0.71 ብቻ ይፈልጋል። ፈሳሽ ክብደትን አያውቅም፤ የሚያውቀው በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚመጣበትን ብቻ ነው።

ዓይንዎን ከመለኪያው ላይ አያንሡ። ባለ 60ው እየተነሣ ሳለ ግፊቱ 0.7 ባር አካባቢ ይቆማል፤ በፍጥነት ቢያነሡትም ቀስ ቢሉም ብዙ አይለወጥም። ባለ 60ው ከላይ ባስቀመጡለት ማቆሚያ ጣውላ ሲመታ ግን ግፊቱ ብድግ ብሎ 1.03 ባር ይደርሳል፤ አየሩ ወደ 8.6 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ያኔ 3 ኪሎው መነሣት ይጀምራል። ፓምፑ ያው ነው፤ የሚገፋውም ያው እጅ ነው። የተለወጠው ከፊቱ የቆመው ጭነት ብቻ ነው። ፓምፕ ፍሰት፣ ጭነት ግፊት የሚባለው ይኸው ነው።

ሁለቱም ማቆሚያቸውን ከነኩ በኋላስ? ፍሰቱ መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ ማደጉን አያቆምም፤ እጅዎ እስኪደክም ወይም አንድ ቱቦ እስኪወጣ ይጨምራል። ሞተር ደግሞ እጅ እንደሚደክመው አይደክመውም። ስለዚህ በሞተር የሚሠራ የሃይድሮሊክ ፓምፕ መተንፈሻ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ባለ 5 ሚሊ ሊትሩን ለዚህ እንጠቀምበት። ቀፎው ላይ በ3 ሚሊ ሊትሩ ምልክት ትንሽ ቀዳዳ በስተው የውስጡን ጠርዝ በጥሩ ሸካራ ወረቀት ያለስልሱ፤ ከቀዳዳው ወደ ማጠራቀሚያው ቱቦ ያውርዱ። ገፊው ላይ ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንዶች ያንጠልጥሉና በዋናው ቱቦ መጨረሻ ላይ ይግጠሙት። ስፋቱ 1.14 ስለሆነ ገፊውን ለማንሣት 1.3 ባር ገደማ ይጠይቃል። ግፊቱ እዚያ ሲደርስ ጎማው ከቀዳዳው በላይ ያልፋል፤ ውኃው ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። በእውነተኛው ቫልቭ የሃይላንዶቹን ሥራ የሚሠራው ሞላ ነው፤ ሞላውን የሚያጠብቀው ቡሎን ግፊቱን ይወስናል።

ሆን ብሎ ማበላሸት

መማሪያ ሰሌዳ የሚሠራውን ብቻ ካሳየ ግማሽ መማሪያ ነው። አንዱ ዞር ይበል፤ ሌላው ከሚከተሉት አንዱን ያበላሽ። የሚመረምረው ሰው የሚፈቀድለት በሮቹን መክፈትና መዝጋት፣ መለኪያውንም ማየት ብቻ ነው፤ መፍታት ክልክል ነው።

አየር ማስገባት። በባለ 60ው ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር አየር ይተዉ። ፓምፑ ሲገፋ ልስልስ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው 1.4 ሚሊ ሊትር ያህል 4 ኪሎውን ሳያነሣ አየሩን በመጭመቅ ያልቃል። ሲለቁት መልሶ ይገፋዎታል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሆነ ፍሬን ይህንኑ ነው የሚናገረው። ውኃ ራሱ በ100 ባር እንኳ የሚጨመቀው ከመቶ አንድ እጅ ባነሰ ነው፤ ልስላሴ ካለ ተጠርጣሪው አየር ነው።

ጎማውን መጫር። በትርፉ ባለ 60 ሲሪንጅ ጎማ ጠርዝ ላይ በምላጭ ቀጭን መስመር ያውጡና ይግጠሙት። ጭነቱ ይነሣል፤ ቆይቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። የባለ 60ውን በር ይዝጉ፤ አሁንም ከወረደ የሚያሳልፈው ራሱ ሲሊንደሩ ነው። ከቆመ ግን ጥፋቱን ከበሩ ወዲያ፣ በመዝጊያዎቹ ወይም በፓምፑ በኩል ይፈልጉ።

መንገዱን ማጥበብ። የግሉኮስ ቱቦው ጠብታ መቆጣጠሪያዋን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከመለኪያው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ጠበቅ ያድርጓት። ጭነቱ ይነሣል፤ ነገር ግን በዝግታ ነው፤ መለኪያው በሚገፉበት ጊዜ ከፍ ይላል። መግፋት ሲያቆሙ ተመልሶ ጭነቱ በሚፈልገው ግፊት ላይ ያርፋል። ጥበት ግፊት የሚበላው ፈሳሹ በሚሄድበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲቆም ከጥበቱ ወዲህም ወዲያም ግፊቱ እኩል ይሆናል። ማሽኑ ቆሞ የተለካ ግፊት የታፈነ ማጣሪያን የማያጋልጠው ስለዚህ ነው።

መተንፈሻውን ማላላት። ከሦስቱ የግማሽ ሊትር ሃይላንዶች አንዱን ያንሡ። መተንፈሻው አሁን 0.9 ባር ገደማ ላይ ይከፈታል። 4 ኪሎው እንደ ወትሮው ይነሣል፤ 3 ኪሎው ግን ቢገፉ ቢገፉ አይነሣም። ባዶውን የሚገለብጥ፣ አሸዋ ሲጭን እምቢ የሚል መኪና መልኩ ይህ ነው። መለኪያውን ያየ ሰው ግፊቱ 0.9 ላይ ደርሶ ቆሞ ውኃው ወደ ማጠራቀሚያው ሲመለስ ያያል፤ ፓምፑ ፍሰቱን እየሰጠ ነው ማለት ነው። መለኪያውን ሳያይ ፓምፕ የሚገዛ ሰው ግን የአንዲት የላላች ቡሎንን ዋጋ በፓምፕ ይከፍላል።

ወደ ብረቱ ሲሸጋገሩ

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚገኘው ሰሌዳ የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። ማጠራቀሚያ፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር የጥርስ ፓምፕ፣ መተንፈሻ ቫልቭ፣ መለኪያ፣ አቅጣጫ ቀያሪ ቫልቭና ሁለት አቅጣጫ የሚሠራ ሲሊንደር አለው፤ ከሥሩም የዘይት መቀበያ ትሪ። የማስተማሪያ መሣሪያ አምራቹ ፌስቶ ለሃይድሮሊክ ትምህርት የሚጠቀመው 60 ባር ነው፤ ኤክስካቫተር ከ300 ባር በላይ ይሠራል። 60 ባር ትንሽ አይምሰልዎ። 32 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ገፊ በዚህ ግፊት ወደ 490 ኪሎ ይገፋል። ሲመለስ ግን ባለ 20 ሚሊ ሜትር ዘንጉ የገፊውን ፊት ስለሚቀንስበት 300 ኪሎ ብቻ ይስባል፤ በዚያው ፍሰት ግን 1.6 ጊዜ ያህል ይፈጥናል።

እዚህ ሕጎቹ ይከብዳሉ። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ የዘይት ጨረር ቆዳ ይበሳል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ዘይቱ ሥጋ ውስጥ ስለሚገባ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ፍሳሽ በካርቶን ይፈለጋል እንጂ በእጅ አይዳሰስም። ማንኛውም ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ሞተሩ ይጠፋል፣ ጭነቱ መሬት ይነካል፣ መለኪያው ዜሮ ያነባል። ከሁሉ በፊት የሚገጠመው መተንፈሻው ነው፤ ፓምፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣም ሞላው ላልቶ ቀስ በቀስ ይጠብቃል።

ተማሪን ወደ ብረቱ ሰሌዳ ከማሳለፍዎ በፊት በሲሪንጁ ሰሌዳ ላይ አንድ ፈተና ይስጡት። መለኪያውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ሁለት ጭነቶች አንጠልጥለው፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚነሣና መለኪያው ስንት እንደሚያነብ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ። ጨርቁ ሲገለጥ ቁጥሩ ከተቀራረበ መፍቻ ይስጡት፤ ካልተቀራረበ አንድ ሃይላንድ ጨምረው እንደገና እንዲያሰላ ያድርጉት።